ቫልቩና እሳቱ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጫና የበዛበትን ሰው ሲያዩ የሚሉትን አንድ አባባል ይዘን እንቆያለን። ሥራ የተከመረበትን፣ ፈተና የደረሰበትን ወይም ንዴት የተናነቀውን ሰው «ሌት ኦፍ ስቲም» ይሉታል፤ እንፋሎትህን ልቀቀው፣ ተንፈስ በል እንደ ማለት ነው። አሜሪካኖች «ብሎው ኦፍ ስቲም» ማለት ያዘወትራሉ። ቋንቋውን ለሚማር ሰው ትርጉሙን መያዝ አይከብድም፤ እኛም ደሜ ፈላ፣ ብሶቴ ታመቀ የምንል ሕዝብ ነንና ምስሉ ባዕድ አይሆንብንም። ከባዱ አባባሉ ሳይታወቅ ይዞት የሚገባው ምክር ነው። ሰው እንደ ቦይለር ነው፤ ጫናው በውስጡ ይጠራቀማል፤ መውጫ ካላገኘ ይፈነዳል፤ እንግዲያው ቀድሞ ማስተንፈስ ነው የሚል ምክር ነው። ይህ ምክር በሁለት በኩል የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም አቀርባለሁ። ሰው ንዴቱን ስላስተነፈሰው አይበርድለትም። ቦይለርም ቢሆን ከፍንዳታ የዳነው በማስተንፈሻው ብቻ አልነበረም።

ከብረቱ እንጀምር፤ ቀኖቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። ዴኒ ፓፓን የተባለው ፈረንሳዊ በ1679 ለንደን ውስጥ አጥንት የሚያለሰልስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ድስት ሠራ፤ ዛሬ በየወጥ ቤቱ ያለው ፕሬዠር ኩከር የመጣው ከዚያ ነው። ድስቱ እንዳይፈነዳበት ክብደት የተንጠለጠለበት ማስተንፈሻ ቫልቭ ገጠመለት። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንፋሎቱ ክብደቱን አንስቶ ይወጣል። በኋላ የመጡት የእንፋሎት ሞተሮችም ይህንኑ ብልሃት ወረሱ፤ አባባሉም የተወለደው ከነዚህ ሞተሮች ነው። ከሞተሮቹ ታሪክ ግን አባባሉ ሳይዘው የቀረ ብዙ ነገር አለ። የኮርንዎሉ መሐንዲስ ሪቻርድ ትሬቪቲክ ከፍተኛ ግፊት ባለው እንፋሎት መሥራት በጀመረበት ዘመን፣ በ1803፣ ግሪኒች ላይ ከሞተሮቹ አንዱ ፈንድቶ 4 ሰዎች ሞቱ። ሞተሩ ቫልቭ ነበረው። ትሬቪቲክ ራሱ በደብዳቤው እንደገለጸው፣ ሞተሩን እንዲጠብቅ የተመደበው ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ኃላፊነቱን ለአንድ የቀን ሠራተኛ ትቶለት ነበር። ሠራተኛው ሞተሩ ከወትሮው ሲፈጥንበት አቆመው፤ የቫልቩን ማንሻ ወደ ታች ይዞት የነበረውን መፍቻ ግን አላነሳውም። ሞተሩ ቆመ፤ እሳቱ አልቆመም። ትሬቪቲክ ከዚያ አደጋ በኋላ ያደረገው ማሻሻያ ብዙ ያስተምራል። ቫልቮቹን ሁለት አደረጋቸው፤ አንዱን ማንም እንዳይነካካው ቆለፈበት። ግፊቱን የሚያሳይ መለኪያ ጨመረ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ውሃው ሲጎድል የሚቀልጥ የእርሳስ መድፈኛ ነው፤ መድፈኛው ሲቀልጥ እንፋሎቱ ወደ ምድጃው ወርዶ እሳቱን ያዳክመዋል። መሐንዲሱ ትኩረቱን ከእንፋሎቱ መውጫ ወደ እሳቱ አዞረ ማለት ነው።

ቦይለር ለምን እንደሚፈነዳ ከ1865ቱ የሱልጣና አደጋ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ሱልጣና በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የምትመላለስ የእንፋሎት መርከብ ነበረች። በሕግ መጫን የተፈቀደላት 376 ሰው ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንዳበቃ ከደቡብ የእስረኛ ካምፖች የተፈቱ የሰሜን ወታደሮችን ወደ አገራቸው የሚመልሱ መርከቦች በነፍስ ወከፍ ክፍያ ያገኙ ነበር፤ ሱልጣናም ከ2,000 በላይ ሰው ጭና ተነሣች። ቪክስበርግ ላይ ከቦይለሮቿ አንዱ ተጎድቶ ተገኝቶ ነበር። በሚገባ መጠገኑ ቀናት ይፈጅ ነበርና፣ ተሳፋሪው ለሌላ መርከብ እንዳይሰጥ ሲባል በጥድፊያ ተለጥፎበት ጉዞው ቀጠለ። ሚያዝያ 27 ቀን ሌሊት ከሜምፊስ ትንሽ እንዳለፈች ቦይለሮቿ ፈነዱ፤ ከ1,100 የማያንስ ሰው አለቀ። ቅርብ የነበረው ምክንያት የውሃ ማነስ ይሁን ልጣፉ ወይም የቦይለሩ አሠራር፣ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በጥድፊያና በገንዘብ በኩል ግን ክርክር የለም። ብረቱ ላይ ጫናው የበዛው በካፒቴኑና በጭነት ኃላፊዎቹ ላይ ሌላ ጫና ስለነበረ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ሰው ስንነጋገር እንፈልገዋለን።

በመጨረሻ ችግሩን ያቃለለው ሕግ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1905 ማሳቹሴትስ ግዛት ብሮክተን ከተማ ውስጥ በሚገኝ የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ ጠዋት ሠራተኛው በየቦታው እንደተቀመጠ ቦይለሩ ጣራውን በርቅሶ ወጣ፤ ሕንፃው ተደረመሰ፤ እሳት ተነሣ፤ 58 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ያገኘው የብረት ሉኮቹ በተደራረቡበት መጋጠሚያ ውስጥ ከዓይን ተሰውሮ ሲያድግ የኖረ ስንጥቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ የትኛውም ቫልቭ አይከላከለውም፤ ግፊቱ ከተፈቀደው ልክ ሳያልፍ ብረቱ ሊቀደድ ይችላልና። ማሳቹሴትስ በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣ፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደግሞ በ1914 ብረቱ ምን ያህል ይወፍር፣ እንዴት ይጋጠም፣ በማን ይመርመር የሚለውን የሚወስን ደንብ አዘጋጀ። ቫልቩ አልቀረም፤ ግዴታም ሆነ። ሆኖም የመጨረሻው መከላከያ ተደርጎ ነው የተቀመጠው። ቫልቩ ደጋግሞ ሲያፏጭ የሰማ የቦይለር ባለሙያ «ሥራውን እየሠራ ነው» ብሎ ትቶት አይሄድም፤ ከታች ምን እንደተበላሸ ይፈትሻል።

አባባሉ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ቫልቩን ብቻ ነጥሎ ወሰደ። «ይህ የንግግር ጌጥ ነው፤ ማንም ሰው ራሱን የምር ቦይለር ነኝ ብሎ አያስብም፤ ስለ አንድ ፈሊጥ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለኝ አድማጭ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ሰዎች በዚህ ምስል እየተመሩ የሚፈጽሙትን መመልከት ነው። ጆሴፍ ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ በ1895 ስለ ሂስቴሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ ታፍኖ የቀረ ስሜት መውጫ ሲያገኝ ሕመሙ ይቀልላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ፍሮይድ ራሱ በኋላ ሕክምናውን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው፣ የታመቀው ነገር ይውጣ የሚለው እምነት ግን ከእሱ ተለይቶ ኖረ። አርተር ጃኖቭ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የልጅነት ቁስሉን በጩኸት እንዲያወጣ የሚያደርግ ሕክምና አስፋፋ፤ ብዙ ሰውም ተከተለው። ዛሬ በአሜሪካና በጃፓን ሰው ገንዘብ ከፍሎ ብርጭቆና ሳህን የሚሰባብርባቸው፣ አሮጌ ቴሌቪዥን በመዶሻ የሚቀጠቅጥባቸው ክፍሎች አሉ። ይህ ሁሉ የተገነባው «እንፋሎቱ ይውጣ» በሚለው ሐሳብ ላይ ነውና፣ ሐሳቡ እውነት መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ግድ ይላል።

ጥያቄው በጥናት ተፈትኗል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ብራድ ቡሽማን በ2002 ባሳተመው ጥናት 600 የኮሌጅ ተማሪዎች ተሳትፈዋል። ተማሪዎቹ ድርሰት ይጽፋሉ፤ ድርሰታቸው ሌላ ተማሪ ሰጠው በተባለ አስተያየት ክፉኛ ተዋርዶ ይመለስላቸዋል፤ ይናደዳሉ። ከዚያ ለሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ያዋረዳቸውን ሰው እያሰቡ ቦክሰኞች የሚለማመዱበትን የተንጠለጠለ ከረጢት ይመታሉ። ሁለተኞቹም ይመታሉ፤ የሚያስቡት ግን ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ነው። ሦስተኞቹ ምንም ሳያደርጉ ለ2 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ሁሉም ያንን ሰው በሚረብሽ ድምፅ የመቅጣት ዕድል ይሰጣቸዋል። አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ሰውየውን እያሰበ ከረጢቱን ሲደበድብ የቆየው ወገን ቀዝቅዞ መገኘት ነበረበት። የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ ተናዶ የወጣው፣ ከሁሉ ይበልጥ የቀጣውም እሱ ነው። በትንሹ የቀጣው ዝም ብሎ የተቀመጠው ወገን ሆነ። አንድ ጥናት ብቻውን ብዙ አያስኬድም፤ ስለዚህ ሶፊ ሼርቪክና ቡሽማን በ2024 ያሳተሙትን እንጨምር። ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 154 ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው፣ የሰውነትን መነሣሣት የሚያወርዱ ነገሮች፣ ለምሳሌ በጥልቀት መተንፈስና ተመስጦ፣ ንዴትን እንደሚቀንሱ አገኙ። ሰውነትን የሚያነሣሱት በጥቅሉ አልቀነሱትም፤ ሩጫ እንዲያውም የሚያባብስ ሆኖ ታየ። ለልብና ለሳንባ ሩጫ ድንቅ ነገር ነው፤ የንዴት ማብረጃ ነው ብሎ መምከር ግን በማስረጃ አይደገፍም።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ተቃውሞ አለ። ብዙ ሰው ከጮኸ፣ በር ከወረወረ ወይም ጓደኛው ዘንድ ሄዶ ካማረረ በኋላ ቀለል እንደሚለው ይናገራል። ሰው ስለ ራሱ የሚሰማውን ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ቀለል ይለዋል። ጥያቄው ያቀለለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ንዴት ካልቆሰቆሱት በራሱ ጊዜ የሚበርድ ነገር ነው፤ ሰውነት ለዘላለም ነድዶ አይኖርም። ጮኾ የበረደለት ሰው ባይጮኽም ይበርድለት ነበር፤ ምስጋናውን የሚሰጠው ግን ለጩኸቱ ነው። ችግሩ በዚህ አያበቃም። ከጩኸት ጋር የተያያዘው ደስታ ልማድ ያስተምራል፤ ዛሬ ሳህን የሰበረ ነገም ሲከፋው እጁ ወደ ሳህን ይሄዳል። ያ ጩኸት ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አይወድቅም፤ የሚሰማው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም በሥራ ቦታ ከእሱ በታች ያለ ሰው ነው። ከቦይለር የወጣው እንፋሎት አየር ላይ ተበትኖ ይጠፋል። የሰው ንዴት ሲወጣ ሌላ ሰው ውስጥ ይገባል። ምስሉ ፈጽሞ የማይሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረውም የብዙ ቤት ዱላና ስድብ «ንዴቱን ሲወጣ ነው» በሚል ሰበብ ሲታለፍ ስለሚኖር ነው።

እንግዲያው ሆድ ይፍጀው ብሎ መያዝ ይሻላል ወይ? አይሻልም። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የሚረብሽ ፊልም እያዩ ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይነበብ የታዘዙ ሰዎችን አጥንተው፣ ፊታቸው ቢረጋም ሰውነታቸው ይበልጥ ሲወጠር አግኝተዋል። መደበቅ ማብረድ አይደለም። በመጮኽና በመደበቅ መካከል ሰፊ መንገድ አለ፤ መንገዱም ነገሩን አውጥቶ መልክ መስጠት ነው። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 ያሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ስለ ደረሰባቸው መከራ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። የሆነውን ከተሰማቸው ጋር አያይዘው የጻፉት በቀጣዮቹ 6 ወራት ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። መጻፍ ሐሳብን ቅደም ተከተል ያስይዛል፤ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ምን ይደረግ እያለ ይሄዳል። ለወዳጅ ማጫወትም የሚረዳው ወዳጁ ይህንኑ ሲያግዝ ነው። አማንዳ ሮዝ በ2002 ባሳተመችው ጥናት እርስ በርስ አንድን ችግር ደጋግመው እያነሡ የሚብሰለሰሉ ታዳጊዎች ጓደኝነታቸው የጠበቀ፣ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ግን የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ዋጋ ያለው ጓደኛ «እውነትህን ነው፣ በደሉህ» ብሎ እዚያ ላይ የማያቆም ነው፤ ከዚያ አልፎ «ታዲያ ነገ ምን ልታደርግ አሰብክ?» ብሎ ይጠይቃል።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ቫልቩ ነው። አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ፤ የአባባሉ ትልቁ ጉዳት ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል። ሰውን እንፋሎትህን ልቀቅ ስንለው ችግሩን በእሱ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ከሥሩ ማን እንደሚማግድ አንጠይቅም፤ በሱልጣና ላይ ግን ከብረቱ ጫና በስተኋላ ሌላ ጫና እንደነበረ አይተናል። ለንደን ኋይትሆል በተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር ያሉ ሠራተኞች ላይ የተካሄዱት፣ በማይክል ማርሞት ስም የሚታወቁት ጥናቶች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በ1967 የተጀመረው የመጀመሪያው ጥናት ሲካሄድ ብዙ ሰው በልብ በሽታ የሚጠቃው ከባድ ኃላፊነት የተሸከመው ከፍተኛ ባለሥልጣን ነው ብሎ ያምን ነበር። የተገኘው ግን ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ሞቱ የሚበዛ መሆኑ ነው። በ1985 በተጀመረው ሁለተኛ ጥናት 10,308 ሠራተኞች ተሳተፉ፤ በ1997 የወጣው ውጤት በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል ያነሳቸው ሰዎች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳየ። ሮበርት ካራሴክ ከዚያ ቀድሞ በ1979 የስዊድንና የአሜሪካን መረጃ ይዞ ተመሳሳይ ነገር ተናግሮ ነበር። ሰውን የሚጎዳው ሥራው መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ እየተጠየቀ ስለ አሠራሩ ምንም መወሰን አለመቻሉ ነው። ሚኒስትሩም ጸሐፊውም ቀኑን ሙሉ ሊጣደፉ ይችላሉ፤ ሚኒስትሩ ስብሰባውን ወደ ነገ ማዛወር ይችላል፣ ጸሐፊው አይችልም።

ትንሽ ጫና ሰውን ያበረታል፤ ያለ ጫና ማን ይሠራል የሚል ተቃውሞም ይነሣል። አለቆችና መምህራን ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ የሮበርት የርክስንና የጆን ዶድሰንን ስም ይጠራሉ። የ1908ቱ ጥናታቸው በአይጦች ላይ የተደረገ ነው። አይጦቹ ከነጭና ከጥቁር ሳጥን ነጩን መምረጥ ይማራሉ፤ ጥቁሩን የመረጠ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። ሁለቱ ሳጥኖች በግልጽ ሲለያዩ ንዝረቱ በበረታ ቁጥር ትምህርቱ ፈጠነ። ልዩነታቸው ለዓይን ሲያስቸግር ግን ከመጠን ያለፈው ንዝረት ትምህርቱን አጓተተው፤ መካከለኛው ተሻለ። የአይጥን ንዝረት በቀጥታ ወደ ቢሮ ማምጣት ራሱ ያጠያይቃል። ብናመጣው እንኳ የሚደግፈው አለቆቹ የሚሉትን አይደለም። ሥራው ቀላል ከሆነ ማጣደፍ ይረዳ ይሆናል፤ ማሰብ ለሚጠይቅ ሥራ፣ ለሂሳብ ፈተና፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለሂሳብ መዝገብ ምርመራ ጫናው ቶሎ ጠላት ይሆናል። ጫና መድኃኒት ነው የሚል ሰው እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠኑን እንዲነግረን መጠየቅ መብታችን ነው።

መጠኑን ለመናገር ከተሞከረባቸው ነገሮች አንዱ የሥራ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በጋራ ባጠኑትና በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመጠቃት ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 በዓለም ዙሪያ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር የተያያዘው ሞት 745,000 ያህል እንደሆነ ገምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያም በሥራ ቦታ ለአእምሮ ጤና ከተመከሩት አንዱ የሥራውን አደረጃጀት ራሱን ማስተካከል ነው፤ ለሠራተኛው የመዝናኛ ቀን መስጠት ብቻውን አይበቃም።

ይህን የ55 ሰዓት መለኪያ ይዘን ወደ ራሳችን ሕግ ብንመለስ የሚያነጋግር ነገር እናገኛለን። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይገድባል። በተለዩ ምክንያቶች የሚፈቀደው የትርፍ ሰዓት ደግሞ በሳምንት እስከ 12 ይደርሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 60 ይሆናሉ፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ጥናቱ አደገኛ ነው ካለው መነሻ በ5 ሰዓት ይበልጣል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ድጎማ ነውና ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ገቢ መቀነስ ነው ተብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ሆኖም ክርክሩ መካሄድ ያለበት በሠራተኛ ማኅበራት፣ በአሠሪዎችና በመንግሥት መካከል፣ ስለ ሰዓትና ስለ ደመወዝ ነው። በጥበቃ፣ በቤት ውስጥ ሥራና በጎዳና ንግድ የተሰማራው ወገናችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ጣሪያ እንኳ በተግባር አይደርሰውም፤ ቀኑ ከንጋት እስከ ማታ ነው፣ ሰዓቱን የሚቆጥርለትም የለም። ስለ ጫና ጥናት የሚሠራ፣ ሕግ የሚያረቅ ወይም ሠራተኛ የሚቀጥር አድማጭ ካለን መጀመሪያ እንዲጠይቅ የምንለምነው ስለ እነሱ ሰዓት ነው።